የተከለው አያ ነው

ይነበብ ተብሏል! ትናንት ከሰዓት፣ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ከጃናሞራ መካነ ብርሃን በስልክ፣ ከእኚያ ሴትዮ ከራሳቸው አፍ «ይነበብ፤ እኔም መጥቼ እሰማለሁ» የሚል ቃል ሰማን። ስልኩ ሲዘጋ አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አደረጉና «በይ እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ» አሉኝ። እኔ ግን የት ልቀመጥ! ተነስቼ ቢሮውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ቢሮው ጠባብ ነው፤ ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ካርቶን አደናቀፈኝና የማላውቃቸው ባልና ሚስት የፍቺ መዝገብ ላይ ቁጭ አልኩ።

ምን እንደሚነበብ፣ ሴትዮዋም ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ።

አባባ የእናቴ አባት ናቸው። ጎንደር አራዳ፣ ከጨርቅ ሱቆቹ በላይ ባለች ክፍል ውስጥ ጠበቃ ሆነው ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እኛ ቤት ሥራ ማለት ንግድ ነው፤ የአባባ አባት ጨርቅ ሻጭ፣ ወንድማቸው ጨርቅ ሻጭ፣ እናቴም ጨርቅ ሻጭ። ሜትሩን ጥለው ወደ ሕግ የሄዱት እሳቸው ብቻ ናቸው። ዘንድሮ ዓይናቸው ደከመና የጥብቅና ፈቃዳቸውን ሊመልሱ ወሰኑ። የሙያ ጓደኞቻቸው ሽኝት አዘጋጁላቸው፤ «ንግግር ያደርጋሉ» ተባለ። አባባ ማየት እንጂ መናገር መቼም ቸግሯቸው አያውቅም። የጎደላቸው ጸሐፊ ብቻ ነበር።

ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እስከ አምና ድረስ የምጽፈውን ሁሉ ከፍራሽ ስር እደብቅ ነበር። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን አንዱን ጽሑፌን ለክፍሉ አነበቡትና ከኋላ ወንበር የሚቀመጡት ልጆች ሳይቀሩ ዝም ብለው ሰሙ። እነሱ ዝም ብለው የሚሰሙት የመውጫውን ደወል ብቻ ነበር! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍራሹ ስር ምንም የለም፤ ሁሉም ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ አባባ «ነይ የኔ ጸሐፊ» ሲሉኝ ደረጃውን በሩጫ ነው የወጣሁት።

በመጀመሪያው ቀን ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ጻፊ» አሉኝ።

«እሺ።»

«እኔ ስሜ ከዚህ በላይ የተጠቀሰው ተሰናባች፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ነጥቦች ለተከበሩ ታዳሚዎች በአክብሮት አቀርባለሁ። አንደኛ...»

«አባባ፣ ይሄ ንግግር ነው ወይስ ክስ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ክስ ሲነበብ ሰው አያጨበጭብም።»

አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ተቃውሞው ይመዝገብ» አሉና ሳቁ።

እንዲህ ናቸው አባባ። ቤት ውስጥም ጠበቃ ናቸው። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ብስክሌት ግዙልኝ ብዬ ስጠይቃቸው «አቤቱታሽ ደርሶናል፤ ለብይን ተቀጥሯል» አሉኝ፤ እስከ ዛሬ እንደተቀጠረ ነው። ለእናቴ ስከሳቸው «አንቺስ ብስክሌት ነው» ትለኛለች። «አባትሽ ሽማግሌ ሲልክ ሦስት ጊዜ ቀጥረው መልሰዋቸዋል። በሦስተኛው አንደኛው ሽማግሌ 'እንግዲህ ልጅቷ ካረጀች በኋላ ይወሰንልን ይሆናል' ቢሉ ነው አባባ አፍረው እሺ ያሉት።»

የሙያ ጓደኞቻቸው ደግሞ «ይደገም» እያሉ ይጠሯቸዋል። አባባ የጻፉትን ማመልከቻ ለባለጉዳዩ ጮክ ብለው ሁለት ጊዜ ሳያነቡ አያስፈርሙም። የተማረም ቢሆን፣ ቢቸኩልም ያነቡለታል። ጨርሰው «ያልከውን ነው የጻፍኩት?» ይላሉ። «አዎ» ሲባሉ «ይደገም» ይላሉ። አንዴ አንድ የአይከል ነጋዴ «ኧረ ጌታው፣ ማኪናው ጥሎኝ ሊሄድ ነው!» እያለ ሁለተኛውን ንባብ እስከ መጨረሻው አስደመጡት። ማኪናውም ጥሎት ሄደ። አባባ እኛ ቤት አሳደሩት፤ ጠዋት፣ ለራት ስለበላው የእናቴ ወጥ ሲያመሰግን ሰማሁ እንጂ ስለ ክሱ ምንም አላነሳም።

ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ማናችንም አናውቅም ነበር። እኔም ጠባይ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ንግግሩ በቀን አንድ ገጽ ያህል እየተጻፈ፣ ከጎኑ ደግሞ ቢሮውን መልቀቅ ነበረብን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ከታች ሱቁ ውስጥ ለእናቴ እወረውርና ወደ ላይ እወጣለሁ። መዝገቦቹን ከመደርደሪያው እያወረድኩ ሽፋኑ ላይ ያለውን አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው «ይሄ ለባለቤቱ ይመለስ፣ ይሄ ይቀደድ» ይላሉ። ግን አንዱም መዝገብ እንዲሁ አይሄድም። እያንዳንዱ ታሪክ አለው፤ ታሪኩ ደግሞ ሻይ ይጠይቃል።

ከሁሉ የወደድኩት ከደጋ ለምስክርነት የመጣውን ሰውዬ ነው። ዳኛው «ስም?» ይሉታል። «እንደምን አደሩ ጌታዬ? ልጆችዎ ደህና ናቸው?» ይላል። «የተጠየቅከውን ብቻ መልስ። ስም?» «ከብቶችዎስ?» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛው ተቆጡ። ሰውዬው ደግሞ ከልቡ ተገርሞ «ሰላም ሳንባባል እንዴት ስሜን እሰጥዎታለሁ፣ ገና አላወቅኩዎትም እኮ» አላቸው። ዳኛው እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው «ደህና ናቸው፣ ከብት ግን የለኝም» አሉ። አባባ ይህን ሲነግሩኝ ዳኛውንም ምስክሩንም ሆነው፣ ተነስተው፣ ተቀምጠው ነው። «ይሄ ይግባ» አልኳቸውና ንግግሩ ውስጥ አስገባሁት።

እንዲህ ስንል ወደ ጠረጴዛው መሳቢያ ደረስን። ከታችኛው መሳቢያ፣ ከአሮጌ ካርቦን ወረቀቶች ስር፣ በክር የታሰረ ስስ መዝገብ አገኘሁ። ከሌሎቹ ጋር መደርደሪያው ላይ ያልነበረ እሱ ብቻ ነው። «ይሄስ?» ብዬ ሽፋኑን ማንበብ ስጀምር አባባ እጃቸውን ዘረጉ። ሰጠኋቸው። ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ለሌላ ቀጠሮ» አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

በማግስቱ «ስለ መጀመሪያው ጉዳዬ ጻፊ» አሉኝ። እስክሪብቶዬን ከፈትኩ። «የመጀመሪያው ጉዳዬ» ብለው ቆሙ። በማግስቱም እዚያው ቆሙ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ «ሽኝቱ ይቅር፤ ፈቃዴን በጸጥታ እመልሳለሁ፤ ለነሱም ደውዬ እነግራቸዋለሁ» አሉ።

«ምነው አባባ? ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ የለም እንዴ?»

«የኔ ልጅ፣ ሰው ተሰብስቦ 'ታማኝ ጠበቃ' ሲለኝ ቁጭ ብዬ መስማት አልችልም።»

ደነገጥኩ። ወላሂ፣ የሆነ ትልቅ ወንጀል የሠሩ መሰለኝ። ሻይ አፈላሁና ፊታቸው ቁጭ አልኩ። አልተነሳሁም። እናቴ ከታች ብትጠራኝም አልወረድኩም። በመጨረሻ ነገሩኝ።

ከዩኒቨርሲቲ በተመለሱ ማግስት ነው፤ ቢሮውን ከከፈቱ ወር አልሞላቸውም። ከጃናሞራ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ከቤቷ በላይ የባሕር ዛፍ አላት። የአጎቷ ልጅ «ግማሹ የኔ ነው» ብሎ ሊቆርጥ ተነስቷል። ከልክሉልኝ ትላለች። አባባ «ማን ተከለው?» አሏት። «የተከለው አያ ነው» አለች። አባባም ያኔ አዲስ በገዙት ታይፕ፣ እየተቻኮሉ፣ «ዛፉን የተከሉት አያቴ ናቸው» ብለው ጻፉ። ቀጠሮው የዚያኑ ቀን ከሰዓት ነበር። ሳያነቡላት «እዚህ ላይ አሻራሽን አድርጊ» አሏት። አደረገች።

እዚህ ላይ ለከተማ ልጆች ልንገር። በጃናሞራ «አያ» ማለት ታላቅ ወንድም ነው፤ ታላቅ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ዘመድ ባይሆንም፣ አያ ይባላል። አያት ሌላ ነው።

ልዩነቱ ደግሞ የጉዳዩ ሁሉ ነገር ነው። ዛፉን ወንድሟ ከተከለላት ዛፉ የሷ ነው። አያቷ ከተከሉት ግን አያት የሷም የአጎቷ ልጅም አያት ናቸው፤ ሁለቱም እኩል ይወርሳሉ።

ችሎት ላይ ዳኛው ማመልከቻውን እያዩ «ዛፉ በአያት የተተከለ መሆኑን ታረጋግጫለሽ?» አሉ። እሷ ከዚያ ሁሉ የፍርድ ቤት አማርኛ የሰማችው «አያ» የምትለዋን ነው። «አዎን ጌታዬ፣ አያ ነው የተከለው፣ ችግኙን በጀርባው ተሸክሞ» አለች። አለቀ። «ከሳሽ ራሷ አምናለች፤ እኩል ይካፈሉ» ተባለ።

«እኔ እስከዚያም አልገባኝም ነበር» አሉ አባባ። «ለምን እንደዚያ እንደመሰከረች ተናድጄባት ሁሉ ነበር። ከችሎት ወጣን። ጥላዋን በር ላይ ዘበኛው ጋ አስቀምጣ ነበር። ዘበኛው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ አይታውም አታውቅ። 'አያ፣ ጥላዬን አቀብለኝ' አለችው። 'እንቺ እቴ' ብሎ ሰጣት።»

አባባ እዚህ ጋ ሲደርሱ ሻዩን አነሱትና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ። ይህ ሰው አያቷ ሊሆን አይችልም፤ ታዲያ ምነው አያ አለችው? ያኔ ገባኝ። የሚገርምሽ ይህን ቃል በልጅነቴ በየቀኑ ስሰማው ነው የኖርኩት። ገበያ ቀን ከደጋ የሚወርደው ሰው ሁሉ አባቴን በሱቁ በር 'አያ፣ ያን አቡጀዲ እስቲ አሳየኝ' ነበር የሚለው። ሱቅ ውስጥ የማውቀውን ቃል ወንበር ላይ ስቀመጥ አላወቅኩትም። ደግሞ 'ተከለው' ነው ያለችኝ። እኔ አያት አንተ አይባልም ብዬ 'ተከሉት' አልኩት። አከበርኩትና ዘረፍኳት።»

ይግባኝ ሞክረዋል። «አሻራዋ አለበት» ተባሉ። እሷም ከዚያ በኋላ አልመጣችም። አባባ ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ሁለት ጊዜ ማንበብ የጀመሩት፤ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም ተናግረው አያውቁም።

እኔ ያን ቀን ቤት ገብቼ ሁሉንም ጻፍኩት፤ ታይፑን፣ ጥላውን፣ ዘበኛውን። በማግስቱ «ንግግሩ ይሄ ነው» ብዬ አነበብኩላቸው። ጨርሼ ቀና ስል አባባ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚያ ግን «አይነበብም» አሉ።

«ምነው?»

«የደንበኛዬ ጉዳይ ነው። እኔ ያጠፋሁት የኔ ነው፣ ጉዳዩ ግን የሷ ነው። ያለ እሷ ፈቃድ አንዲት ቃል ከዚህ ክፍል አትወጣም።»

«አባባ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል እኮ! አንቱ አይደሉም እንዴ ክስ ሁሉ ዘመን ሲያልፈው በይርጋ ይቀራል የሚሉኝ?»

«ክስ ይቀራል። ምስጢር ግን ይርጋ የለውም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር እኔ በጻፍኩት ብዬ ቀናሁ።

«እንግዲያው እናስፈቅዳቸው» አልኩ። አባባ በጣታቸው የመዝገቡን ክር አሹ። «እምቢ ካለችስ?» አሉ በኋላ። ያኔ ነው የፈሩት የሰውን ወሬ እንዳልሆነ የገባኝ። የፈሩት እሷን ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳኛ ፊት ቆመው ሲከራከሩ የኖሩ ሰው፣ አንዲት የመካነ ብርሃን ሴት ምን ትለኝ ይሆን ብለው ይፈሩ ነበር።

መዝገቡ ላይ የቀበሌው ስም አለ። የአባባ ወንድም ሱቅ ደግሞ ከጃናሞራ ለሚመጡ ነጋዴዎች ጨርቅ ያከፋፍላል። አንደኛውን ነጋዴ ለመንነው። ሁለት ሳምንት ጠበቅን። እኔ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስመለስ «መጣ?» ነው የምለው፤ እናቴ «ጨርቅ ገዥ መጥቷል፣ ያንቺ ሰው አልመጣም» ትለኛለች። ነጋዴው ሲመጣ የሴትዮዋን ልጅ ስልክ ቁጥር በሲጋራ ወረቀት ላይ ጽፎ አመጣ። ሽኝቱ ሊደርስ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ አባባም ይቅር ብለው ገና አልደወሉም።

ትናንት ደወልን። ኔትወርኩ ሦስት ጊዜ ተቆረጠ። በአራተኛው ልጃቸው አነሳና «እማየ፣ ከጎንደር ነው፣ ጠበቃ ነኝ ይላል» ሲል ሰማን። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነው። አባባ ቆመው ነበር የሚያናግሩት፤ ቁጭ በሉ ብላቸውም እምቢ አሉ።

የሴትዮዋ ድምፅ መጣ። «አያ ጠበቃ? አንቱ ነዎት? እንደምን ከረሙ?»

አያ ጠበቃ። አባባ በእጃቸው ወንበሩን ፈለጉ። ወንበሩን ገፋሁላቸው፤ ያኔ ተቀመጡ።

«አለሁ። አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ እንዴት ነዎት?»

«ሸጋ ነኝ፣ እግዜር ይመስገን። ምነው እንዲህ ቆዩ? እኔማ ሞተዋል ብዬ ነበር!»

«ለእርስዎ መደወል ፈርቼ ነው» አሉ አባባ፣ እንዲሁ፣ በአንድ ትንፋሽ። ከዚያ ሁሉንም ተናገሩ። እንዳጠፉ፣ የት ላይ እንዳጠፉ፣ ዘበኛው ጋ ሲደርሱ እንደገባቸው። ያለ «አንደኛ» ያለ «ሁለተኛ» ሲናገሩ የሰማኋቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። አልተቆረጠም።

«ዛፉንስ ተውት» አሉ ሴትዮዋ። «የተቆረጠውም አቆጥቁጦ ከፊተኛው በልጧል። ያጎቴ ልጅም ይኸው ጎረቤቴ ነው፣ ያው አብረን ነው የምንውል። የከፋኝ ሌላ ነው። አያ ነው የከፋው። አገር ላገር ሲወራ ሰማና 'እኔ በጀርባየ ተሸክሜ የተከልሁትን ለሞተ ሰው ሰጠሽው?' አለኝ። 'ኧረ አላልሁም' ብለውም 'አሻራሽ አለበት' አለኝ። አንድ ዓመት አላነጋገረኝም። በኋላ ታረቅን። ግን አምኖኝ አይደለም የታረቀኝ፤ እህቱ ስለሆንሁ ነው። እንዲሁ እንደተጠራጠረኝ ሞተ።»

አባባ ይህን አያውቁም ነበር። ያበላሹት ዛፍ ይመስላቸው ነበር። ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

«ይቅርታውን በስልክ አይስጡኝ» አሉ ሴትዮዋ። ቁጣ የለበትም፣ ግን ቁርጥ ያለ ነው። «በሰው ፊት ይበሉት። የአያ ልጆች አሉ፣ ይዣቸው እመጣለሁ። የተከለው አያ ነው ብለው በሰው ፊት ይናገሩ።»

«እናገራለሁ። የልጄ ልጅ ጽፋዋለች። ይነበብልዎት?»

እኔ! ወረቀቱን አነሳሁ። ያኔ ሳይነበብላቸው ያለፈው ወረቀት ትዝ አለኝና ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየሁ ማንበብ ጀመርኩ። «አንዲት ምስኪን ድሃ የባላገር ሴት» የሚለው ጋ ስደርስ፣

«ቆይ ቆይ» አሉኝ። «ድሃ ማን አለሽ?»

«እ... እኔ... ያው...»

«እኔ ያን ጊዜ ሁለት ጥማድ በሬ ነበረኝ። ምስኪንም አልነበርሁ። በቅሎ ላይ ተቀምጨ ነው መኪና ልይዝ ደባርቅ ድረስ የወረድሁ። አንቺም እንዳያትሽ ያላልሁትን ጻፍሽ አይደል!»

አባባ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔ ፊቴ በእሳት ተያያዘ። ስንት ጊዜ ነው ያንን ዓረፍተ ነገር እያነበብኩ «እንዴት ልብ ይነካል!» ያልኩት! ሴትዮዋን ሳልጠይቅ፣ ሳላያቸው፣ ባላገር ስለሆኑ ብቻ ድሃ አድርጌያቸው። አባባ በችኮላ ተሳሳቱ፤ እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተረጋግቼ ተቀምጬ ነው የተሳሳትኩት።

«ምን ብዬ ልጻፍ እማማ?»

«'አንዲት ሴት' ብለሽ ጻፊ፤ ይበቃል። ስሜን ተይው፣ የኛ ሰው ሲሰማ ያውቀኛል። በቅሎዋን ግን ከፈለግሽ ጨምሪያት፣ ሸጋ በቅሎ ነበረች።»

በቅሎዋን ጨመርኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ሴትዮዋ ከልጃቸው ጋር የሆነ ነገር ተነጋገሩ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ያልሁትን ነው የጻፍሽው። ይነበብ፤ እኔም መጥቼ እሰማለሁ። እንግዲህ አሻራየን በስልኩ ልስጥሽ?»

ሦስታችንም ሳቅን። ከሳቁ በኋላ አባባ «ሽኝቱ ጠበቆች ብቻ ያሉበት ነው፣ ሃያ ሰው ቢሆን ነው» ብለው ሲያስረዷቸው ሴትዮዋ አልተስማሙም።

«አያ ጠበቃ፣ ያን ቀን ችሎቱ ሙሉ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አያቷ ተከሉት ሲባል ሰምቷል። አሁን ለሃያ ሰው ሹክ ሊሉ ነው? ሰው ይጥሩ። በኔ ስም ይጥሩ። ምስክር ይብዛ።»

አባባ እኔን አዩኝ። እኔ ቀድሜ ወረቀት ስቤ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦላቸው ያልቀጠሩት ይህን ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ወዲያው «እሺ፣ ኢንሻአላህ» አሉ። ማታውኑ ለጓደኞቻቸው ደወሉና ሽኝቱ ከምግብ ቤቱ ወደ ቤታችን ግቢ ተዛወረ። እናቴ መጀመሪያ «በአሥር ቀን ውስጥ?» ብላ ጮኸች፤ ምክንያቱን ስትሰማ ግን የጨርቅ ጣቃዎቹን ከግቢው ማስወጣት ጀመረች። ለሚመጡት እንግዶች መኝታም አዘጋጅታለች፤ ከመካነ ብርሃን ድረስ መጥቶ በዚያው ቀን መመለስ የለም።

ስለዚህ ይህ ጥሪ ከእኔ አይደለም፤ ከአባባም አይደለም። ከእኚያ ሴትዮ ነው፣ እኔ አደራዬን እየተወጣሁ ነው። ከፊታችን ባለው ሳይሆን በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አራዳ፣ በእናቴ ሱቅ በኩል ወደ ውስጥ ግቡ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ማንን ፈለጋችሁ የሚል የለም። ጠበቃ መሆን አያስፈልግም፣ እኛን ማወቅም አያስፈልግም። የሴትዮዋን የወንድም ልጆች ከፊት እናስቀምጣቸዋለን፤ የቀራችሁት ከኋላቸው ቁሙና አባባ ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ስሙልን። ከደጋ የምትመጡም ካላችሁ፣ ገበያችሁን ጨርሳችሁ፣ ከነጭነታችሁም ቢሆን ኑ። ግቢው ይበቃናል።